ስምምነቱ ያስገድዳል፤ ግን መዝገቡ እንዴት ተዘጋ?

እህቴ፣ ተበዳሪዎ ያበደሩትን 18 ሺህ ብር በሦስት ጊዜ ለመመለስ በፍርድ ቤቱ አስማሚ ፊት ከፈረመ በኋላ «ይህ ፍርድ አይደለም፣ አያስገድደኝም» ማለቱ አያስደንግጥዎት። ተሳስቷል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 3312 እንዲህ ያለውን ስምምነት በተዋዋዮቹ መካከል ይግባኝ እንደሌለው የመጨረሻ ፍርድ ይቆጥረዋል። ሐሳቤን ለወጥኩ ብሎ መውጣት የለም።

እኔን የሚያሳስበኝ መዝገቡ የተዘጋበት መንገድ ነው። በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 277 መሠረት ዳኛው በስምምነቱ ቃል ትእዛዝ ሰጥተውበት ከሆነ፣ እርስዎ በቀጥታ የአፈጻጸም መዝገብ (ትእዛዙ በግዴታ እንዲፈጸም የሚጠየቅበትን) ከፍተው የተበዳሪውን የባንክ ሂሳብ ጭምር ማሳገድ ይችላሉ። ክሱን አንስተው ብቻ ከወጡ ግን ስምምነቱን ማስረጃ አድርገው እንደገና መክሰስ ይኖርብዎታል።

ይህን ባለማወቄ ለቤት ኪራይ ያስያዝኩትን ገንዘብ ለማስመለስ ሰባት ወር ተመላልሻለሁ። በእጄ የነበረው ወረቀት የሁለታችን ፊርማ እንጂ የዳኛ ትእዛዝ አልነበረበትም፤ የአፈጻጸም ችሎቱም በአምስት ደቂቃ መለሰኝ።

እባክዎ ነገ ጠዋት ሬጅስትራር (የፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት) ሄደው መዝገቡ የተዘጋበትን ትእዛዝ ግልባጭ ያውጡ። ስምምነቱ ጸድቋል የሚል ቃል ካለበት ለአፈጻጸም ማመልከቻዎ ከሌላ ማስረጃ ሁሉ አስቀድመው እርሱን ያያይዙ።