ቫሪያብሉን ቀይሬዋለሁ፤ አገልግሎቱ ግን አሮጌውን ይዟል

ጥያቄ፦ በሊኑክስ ሰርቨር ላይ የዳታቤዙን አድራሻ የያዘውን ኢንቫይሮንመንት ቫሪያብል (ለፕሮግራም ሲነሳ የሚሰጥ ስምና ዋጋ) በባሽአርሲ ፋይል ውስጥ ቀየርኩ። በተርሚናል ሳትመው አዲሱ አድራሻ ይወጣል። በሲስተምዲ (አገልግሎቶችን በሚያስነሳው የሊኑክስ ፕሮግራም) የሚነሳው የድረ ገጹ አገልግሎት ግን አሁንም ወደ አሮጌው ዳታቤዝ ይሄዳል። ሰርቨሩን አጥፍቼ ባስነሳም ለውጥ የለም።

መልስ፦ የጻፉት መስመር ስህተት የለበትም፤ የተጻፈው ግን አገልግሎቱ በማያየው ቦታ ነው። ባሽአርሲን የሚያነበው በተርሚናል ትእዛዝ የሚቀበለው ፕሮግራም፣ ባሽ፣ ነው፤ ያውም ተርሚናል ከፍተው ትእዛዝ ሲሰጡት። አገልግሎትዎን የሚያስነሳው ሲስተምዲ ስለሆነ ሰርቨሩን ደጋግመው ቢያስነሱትም ያ ፋይል አይነበብም።

ማንኛውም ፕሮግራም ሲነሳ ካስነሳው ፕሮግራም የቫሪያብሎችን ቅጂ ይወርሳል። ቅጂ ነውና ከዚያ በኋላ ሌላ ቦታ የሚደረግ ለውጥ አይደርሰውም። ተርሚናል ላይ ያተሙትም ተርሚናሉ ስለያዘው ብቻ ይናገራል። ብዙ ሰው ጊዜውን የሚያባክነው እዚህ ላይ ነው፤ መጠየቅ ያለበትን ፕሮግራም ትቶ ሌላውን ይጠይቃል።

አገልግሎቱን ራሱን ይጠይቁት። ሲስተምዲን የምናዝበት የሲስተምሲቲኤል ስታተስ ትእዛዝ የዋናውን ፕሮሰስ (በሥራ ላይ ያለ ፕሮግራም) ቁጥር ያሳያል። ቁጥሩ 1432 ነው እንበል፤ ፕሮክ በሚባለው ማውጫ ሥር 1432 የሚል ማውጫ ያገኛሉ። በውስጡ ያለው ኢንቫይረን የተባለ ፋይል ፕሮግራሙ ሲነሳ የተሰጡትን ቫሪያብሎች ይዟል። በሱዶ (በአስተዳዳሪ ሥልጣን) ያንብቡት። በመስመር ስላልተለያዩ ተጣብቀው ይታያሉ፤ አይደናገጡ። የይለፍ ቃልም እዚያው በግልጽ ሊኖር ስለሚችል ውጤቱን ቀድተው ለማንም እንዳይልኩ አደራ።

አሮጌው አድራሻ እዚያ ከተገኘ ምንጩን በአገልግሎቱ ዩኒት ፋይል (አገልግሎቱ እንዴት እንደሚነሳ ለሲስተምዲ በሚነግረው ፋይል) ይፈልጉ፤ ሲስተምሲቲኤል ካት ከነተጨማሪዎቹ ያወጣልዎታል። ቫሪያብል በሁለት መንገድ ይሰጣል፦ ኢንቫይሮንመንት በሚል መስመር በቀጥታ፣ ወይም ኢንቫይሮንመንትፋይል በሚል መስመር ከተጠቆመ ሌላ ፋይል። ሁለቱ ከተጋጩ የሚጸናው ከፋይሉ የመጣው ነው፤ ይህን ሳያውቁ የመጀመሪያውን መስመር ብቻ መቀየር ልፋት ነው። የተጠቆመው ፋይል የባሽ ጽሑፍ ስላልሆነ ኤክስፖርት የሚል ቃል አይግባበት፤ በዶላር ምልክት የሚጠሩ ሌሎች ቫሪያብሎችም አይተኩበትም።

አድራሻው በኢንቫይረን ፋይሉ ውስጥ ከሌለ ደግሞ ፕሮግራሙ ከራሱ የቅንብር ፋይል እያነበበ ሊሆን ይችላል። አሮጌውን አድራሻ በግሬፕ (በፋይሎች ውስጥ ጽሑፍ በሚፈልግ ትእዛዝ) በፕሮጀክቱ ማውጫ ውስጥ ይፈልጉት፤ ስማቸው በነጥብ የሚጀምር ስውር ፋይሎችንም አይዝለሉ።

ዩኒቱን በሲስተምሲቲኤል ኤዲት ማስተካከል ይሻላል፤ ለውጡ በተለየ ፋይል ስለሚቀመጥ ፓኬጁ ሲታደስ አይጠፋም። ዩኒቱን በሌላ መንገድ ከቀየሩት መጀመሪያ ዴመን ሪሎድ ያድርጉ፤ ሲስተምዲ የዩኒት ፋይሎቹን እንደገና የሚያነበው በዚህ ነው። በየትኛውም መንገድ ቢቀይሩት ቀጥሎ አገልግሎቱን ሪስታርት ያድርጉ። በዶከር (ፕሮግራሞችን ኮንቴይነር በሚባል የተለየ ክፍል ውስጥ በሚያስኬድ መሣሪያ) የሚሠሩ ከሆነ ግን ሪስታርት አይበቃም፤ ኮንቴይነሩ በአዲሱ ቫሪያብል እንደገና መፈጠር አለበት።

ከሪስታርት በኋላ የፕሮሰሱ ቁጥር ስለሚቀየር አዲሱን ቁጥር ይዘው ኢንቫይረንን እንደገና ያንብቡ። ባሽአርሲ ውስጥ የጨመሩትንም መስመር ያጥፉት፤ ሰርቨሩን ወደፊት የሚረከብ ሰው አገልግሎቱ ከዚያ የሚያነብ ይመስለዋል።