ከድንጋዩ በፊት ከግንቡ ጀርባ ያለውን ጠይቅ

ወንድሜ፣ እንኳን ለቤትህ አበቃህ። ሳን ዲዬጎ አካባቢ፣ ከውቅያኖሱ ብዙም በማይርቅ ቁልቁለት ላይ ያለ ቤት ገዝተሃል፤ የጓሮውን አፈር የያዘው እንጨት በስብሷል፤ እንጨቱን በድንጋይ ግንብ ልተካ፣ ግቢውንም ድንጋይ ላንጥፍ፣ የትኛው ድንጋይ ይሻለኛል ብለሃል። አንድ የአገር ልጅ በርካሽ ልሥራልህ እንዳለህም ጨምረሃል። የእኔም ቤት ቁርጥ እንደዚያው ነው፤ ስለዚህ ሌሎቹ ስለ ድንጋዩ ቀለም የመከሩህን ለጊዜው አቆየውና የእኔን ስማ።

አንደኛ፣ የአገር ልጅነት ፈቃድ አይደለም። በካሊፎርኒያ የዕቃውና የጉልበቱ ዋጋ ተደምሮ 1,000 ዶላር ከደረሰ (እስከ 2024 መጨረሻ 500 ነበር) ሥራውን የሚወስደው ሰው የኮንትራክተርነት ፈቃድ ሊኖረው ግድ ነው። ሥራው ከከተማው የግንባታ ፈቃድ የሚያስፈልገው ከሆነ ደግሞ ዋጋው ቢያንስም ግዴታው አይቀርም። ለግንብ ሥራ የሚሰጠው ሲ-29፣ ለኮንክሪት ሲ-8፣ ለጓሮ ሥራ ሲ-27 ይባላል። ቁጥሩን ተቀበልና በክፍለ ግዛቱ የኮንትራክተሮች ፈቃድ ቦርድ ድረ ገጽ ላይ አስገባው፤ ፈቃዱ የጸና መሆኑን፣ የ25,000 ዶላር ዋስትናው መኖሩን፣ ለሠራተኞቹ መድን መግባቱን ያሳይሃል። ቅድሚያ ክፍያው ከጠቅላላው ዋጋ 10 በመቶ ወይም 1,000 ዶላር ነው፤ ከሁለቱ የሚያንሰው። ይህ ሕግ እንጂ ልመና አይደለም።

ለመጀመሪያው ኮንትራክተሬ ይህንኑ ስነግረው «በእኛ መካከል ወረቀት ምን ያደርጋል? አንድ ደጅ የምንሳለም ሰዎች!» አለኝ። ፈቃድ ነበረው፤ በዚያ በኩል አላማውም። «የምንተዋወቅ ስለሆነ ነው በጽሑፍ ይሁን የምለው» አልኩት። ቀጥሎ «ባለቤትሽ የለም ወይ?» ሲል ጠየቀኝ። ባለቤቴ አለ፤ የቤቱን ዕዳ ግን አብረን ነው የምንከፍለው፤ ስለ ሲሚንቶ ደግሞ ከእኔ የተሻለ አያውቅም። አኮረፈ፤ ቢሆንም ፈረመ። ሌሎቹ ቀጣሪዎቹ ግማሹን ዋጋ አስቀድመው እንደሰጡት የሰማሁት ኋላ ነው።

ሁለተኛ፣ «ከአራት ጫማ በታች ከሆነ ፈቃድ አያስፈልገውም» የሚሉህን አትመን። በደንቡ አራት ጫማው የሚለካው ከመሬቱ ገጽ ሳይሆን ከመሠረቱ ግርጌ እስከ ግንቡ አናት ነው። ዓይንህ የሚያየው ግንብ ሦስት ጫማ ቢሆንና መሠረቱ አንድ ጫማ ተኩል ቢወርድ አልፈሃል ማለት ነው። ከግንቡ በላይ መኪና የሚያቆም ሰው ካለም ቁመቱ አያድንህም፤ አንዳንድ ከተሞችማ ከዚህም የጠበቀ መስፈርት አላቸው። የአንተ ቤት በ1976ቱ የባሕር ዳርቻ ሕግ ክልል ውስጥ ይውል እንደሆነ አስቀድመህ ጠይቅ፤ ከዋለ ሌላ ፈቃድ ሊጨመርብህ ይችላል። ከቁፋሮው ቢያንስ ሁለት የሥራ ቀን ቀድመህም 811 ደውል፤ የጋዝና የመብራት መሥመሩን መጥተው በቀለም ያመለክቱልሃል፣ አያስከፍሉህም።

ሦስተኛ ብዬ ልቀጥል ነበር፤ ነገሩ ግን በቁጥር የሚያልቅ ስላልሆነ የሆነውን ልንገርህ።

ከእኔ ቤት ጎን የጎረቤቴ ግንብ አለ። ሲሠራ በጣም ያምር ነበር አሉ። እኔ ሳየው ከግርጌው ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ወጥቶበት፣ በወገቡ በኩል ቡናማ የዝገት መስመር ወርዶበት፣ ፌሮው በሚያልፍበት ልክ ቀጥ ያለ ስንጥቅ ነበረበት። በመኪና ቁልፍ ጫር አደረግኩት፤ የመዳፍ ያህል ቁራጭ ተገንጥሎ እጄ ላይ ወደቀ። በውስጥ በኩል ፌሮው ቅርፊት እየተላጠ ነበር። የባሕር ጨው ሥራው ይህ ነው፤ በንፋስና በጉም ተሸክሞ ይመጣል፣ ቀዳዳ ባለው ሲሚንቶ ውስጥ ሰርጎ ይገባል፣ ብረቱ ዘንድ ሲደርስ ያዝገዋል። ዝገት ደግሞ ከነበረው ብረት ብዙ እጥፍ ቦታ ይይዛል፤ ድስት ውስጥ እንደ ኮመጠጠ ሊጥ ከውስጥ ሆኖ ክዳኑን ይገፋል። ያን ጊዜ የላይኛው ድንጋይ ከጣሊያንም ይምጣ ከጎንደር ዋጋ የለውም።

ለዚህ ነው በእኔ ፕላን ላይ ፌሮው ከአፈሩ በየአቅጣጫው ሦስት ኢንች እንዲርቅ፣ ሦስቱም ኢንች በኮንክሪት እንዲሸፈን በግልጽ የተጻፈው። አፈር ላይ በቀጥታ ለሚፈስ ኮንክሪት ደንቡም የሚለው ይህንኑ ነው። ፌሮውን ከፍ አድርገው የሚይዙት ትንንሽ የሲሚንቶ ኩቦች ናቸው፤ ዋጋቸው የሳንቲም ያህል ነው። ከዚያ የከተማው የግንባታ ተቆጣጣሪ መጥቶ ጉድጓዱንና ብረቱን ያያል፤ ሲፈርም ብቻ ኮንክሪት ይፈስሳል።

እኔ የምሠራው የሌሊት ፈረቃ ነው። አንድ ጠዋት ከሥራ ስመለስ መሠረቱ ተሞልቶ አገኘሁት። ተቆጣጣሪው የተቀጠረው ለዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ ነበር! ኮንትራክተሬ እየሣቀ «የኮንክሪት መኪናው ቀድሞ ስለመጣ ነው፤ ደግሞ ሁሉም እንዲህ ነው የሚሠራው» አለኝ። ጥግ ላይ አንድ የፌሮ ጫፍ ወጥቶ ነበር፤ ጎንበስ ብዬ ሳየው ብረቱ ተኝቶ የነበረው አፈሩ ላይ ነው። ኩቦቹ ከነካርቶናቸው አጥሩ ሥር ተቀምጠዋል። ከጎኑ ደግሞ የጓሮው የውሃ ጎማ ተዘርግቷል፤ ኮንክሪቱ እንዲፈስላቸው ውሃ ጨምረውበታል። ለባሕር ጨው የተጋለጠ አርማታ የውሃና የሲሚንቶ ጥምርታው በክብደት ከ0.40 መብለጥ የለበትም ይላል የአሜሪካው የኮንክሪት ደንብ፤ በጎማ የሚጨመር ውሃ ይህን ሁሉ ያፈርሰዋል፣ ሲደርቅም ለጨው መግቢያ የሚሆን ቀዳዳ ይተዋል።

ተቆጣጣሪው መጣ፣ አንዴ ተመለከተ፣ «ይውጣ» ብሎ ጽፎ ሄደ። ከእርሱ ጋር ጠብ የለኝም፤ እውነቱን ነው። ኮንትራክተሩ ግን «አነጋግሪው እንጂ፣ አንቺ እንግሊዝኛ ትችያለሽ» እያለ አብሬው እንድዋሽለት ፈለገ። እምቢ ስለው ዕቃውን ጭኖ ሄደ፤ ከዚያ ወዲህ ስልክም አላነሣ። በእጁ የቀረው የእኔ ገንዘብ ያቺ አንድ ሺህ ዶላር ብቻ ነበረች፤ ቀሪውን ደረጃ በደረጃ ልከፍል ተዋውለን ነበር። ኮንክሪቱን ለማስፈንቀልና ለማስጫን የወጣው ገንዘብ ግን እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

አሁን ወደ ቢሮው ልውሰድህ። ከተማዋን አልጠራም፤ ከዚያ አካባቢ የባሕር ዳርቻ ከተሞች አንዷ ናት። የግንባታ ፈቃዱ የወጣው በሸሸው ሰውዬ ስም ስለነበር ስሙ ይለወጥልኝ ብዬ ሄድኩ። መስኮቱ ላይ ያለችው ሴት ከኮምፒውተሯ ቀና ሳትል «ከቀድሞው ኮንትራክተር የመልቀቂያ ደብዳቤ አምጪ» አለችኝ። ሰውዬው ስልክ አያነሣም አልኳት። «ደብዳቤውን አምጪ» አለች። ደብዳቤ ካልጻፈስ? «የሚቀጥለው!» ብላ ከኋላዬ ያለውን ጠራች። በሌላ ቀን ብሄድ ያው፤ ደግሞ ቀስ እያለች፣ ቃል በቃል እየቆራረጠች መናገር ጀመረች፣ መስማት የተሳነኝ ይመስል። እኔ በዚህ አገር በሥራዬ ሐኪሞች የሚሰጡኝን ትእዛዝ ስቀበልና ስመልስ የኖርኩ ሰው ነኝ። ኋላ ኃላፊዋን በጽሑፍ ጠየቅኩ። መልሱ ሁለት መስመር ነበር፦ የባለንብረቷ ፊርማ ያለበት ደብዳቤ ይበቃል፣ የቀድሞው ኮንትራክተር መስማማት አያስፈልግም። ያን ወረቀት አትሜ መስኮቱ ላይ አስቀመጥኩላት። አንብባ ማኅተሟን መታች፤ ይቅርታ ግን የለም። ስለዚህ ማንኛውንም ጥያቄ በኢሜይል ጠይቅ፤ በመስኮት የሚነገርህን አትመን።

ሁለተኛው ግንበኛ ከሜክሲኮ የመጡ አዛውንት ናቸው። ሥራውን ከመጀመራቸው በፊት የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ውሃው በየት ይውጣ?» ያን ጊዜ ልቤ አረፈ። የመጀመሪያው ሰውዬ ስለ ውሃ ሳነሣበት «ሳን ዲዬጎ ዝናብ የት አለና!» ይለኝ ነበር። እርግጥ በዓመት የሚዘንበው ወደ 10 ኢንች ብቻ ነው። ግን አብዛኛው በብርዱ ወራት ተከማችቶ ይመጣል፤ ጃንዋሪ 22 ቀን 2024 በአንድ ቀን ከ2.5 ኢንች በላይ ወርዶ ሰፈሮች በጎርፍ ተጥለቅልቀዋል። አንድ ኪዩቢክ ጫማ ውሃ ከ62 ፓውንድ በላይ ይመዝናል። መውጫ ካጣ ያ ሁሉ የሚደገፈው ግንብህ ላይ ነው።

ስለዚህ ከግንቡ ጀርባ ይህ መኖሩን በዓይንህ እይ፦ ድንጋዩ የሚለጠፍበት ብሎኬት ጀርባ ውሃ እንዳያስገባ ይቀባል፤ ከግርጌው ባለ አራት ኢንች ቀዳዳ ያለው ቱቦ፣ ቀዳዳው ወደ ታች ሆኖ፣ ወደ መውጫው እያዘቀዘቀ ይዘረጋል፤ በላዩ ንጹሕ ጠጠር አንድ ጫማ ያህል ስፋት ይዞ ወደ ላይ ይሞላል፤ አፈሩ ጠጠሩን እንዳይደፍነው ማጣሪያ ጨርቅ ይለብሳል። የተቆፈረውን ሸክላ አፈር መልሰው ጠጠሩ ላይ ሊቀላቅሉት ሲሉ ብታገኝ አስቁማቸው። እያንዳንዱ ደረጃ ሳይሸፈን ሜትር አስደግፈህ ፎቶግራፍ አንሣ። አዛውንቱ ፎቶ ሳነሣ አልተቀየሙም፤ እንዲያውም ቱንቢያቸውን ይዘው ቆሙልኝ።

ወደ ጠየቅከኝ ድንጋይ ልመለስ፤ አጭር ነው። ጥቅጥቅ ያለውን ምረጥ፦ ግራናይት፣ ባዛልት፣ ኳርትዛይት። ትራቨርቲን (ቀዳዳ የበዛበት የኖራ ድንጋይ) እና አሸዋ ድንጋይ ውሃ ስለሚጠጡ ጨው ውስጣቸው ደርቆ ፊታቸውን ይልጠዋል፤ ሻጩ ይህን አይነግርህም። ለንጣፉ ከታች ከአራት እስከ ስድስት ኢንች የተጠቀጠቀ ጠጠር፣ በላዩ አንድ ኢንች አሸዋ፤ ተዳፋቱ በየጫማው ሩብ ኢንች ከቤቱ ወደ ውጭ። አሸዋው ከባሕር ዳር የተዛቀ እንዳይሆን፤ ይህን ለመቆጠብ የሚሞክር ሰው አለ ብዬ አላምንም ነበር፣ አለ። ግንቡ ላይ መብራት ወይም የእጅ መደገፊያ ካሰርክ ብሎኑ 316 የሚባለው የማይዝግ ብረት ይሁን፤ 304ቱ ከባሕር አጠገብ ነጠብጣብ ያወጣል። ነጭ ዱቄት ቢወጣብህ በደረቅ ብሩሽ ጥረገው። ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ግዛ የሚልህን አትስማ፤ ከክሎራይድ፣ ማለትም ጨው ውስጥ ካለው ብረት አዝጋጊ ነገር፣ በሸሸህበት ቦታ ክሎራይድ በባልዲ ማፍሰስ ነው። የሚያብለጨልጭ ቀለምም አትቀባው፤ እርጥበቱን ውስጡ ይዘጋበታል።

አንድ የቀረ ነገር አለ፤ ይህ ቤትህን የሚነካ ነው። ሥራው ሲጀመር ከብሎኬትና ከድንጋይ አቅራቢው በአደራ ደብዳቤ ማስታወቂያ ይመጣልሃል፤ የዕዳ መጠየቂያ ይመስላል፣ የንግድ ማስታወቂያ ነው ብለህ አትጣለው። ኮንትራክተርህ ለአቅራቢው ካልከፈለ፣ አንተ ሙሉውን ለኮንትራክተሩ ከፍለህም ቢሆን፣ አቅራቢው ቤትህ ላይ መካኒክስ ሊን የሚሉትን መያዣ ማስመዝገብ ይችላል። ደብዳቤ የላከልህን እያንዳንዱን አቅራቢ መዝግብ፤ ክፍያ ከመስጠትህ በፊት ከየአቅራቢው መብቱን የሚለቅበትን ፊርማ ተቀበል። ሥራው ሲያልቅ በ15 ቀን ውስጥ የማጠናቀቂያ ማስታወቂያውን በካውንቲው መዝገብ ቤት አስመዝግብ፤ ያን ካደረግክ የአቅራቢዎቹ ጊዜ ከ90 ወደ 30 ቀን ያጥራል፣ የዋናው ኮንትራክተር ወደ 60። እኔ አስመዝግቤያለሁ። የመጀመሪያው ሰውዬ የብሎኬት ዕዳውን በእኔ ቤት ሊያስከፍል ሞክሮ ነበር፤ ብሎኬቱ ግን ግቢዬ ውስጥ አልወረደም፣ ፎቶውም ነበረኝ።

የአዛውንቱን የፈቃድ ቁጥር በግል እልክልሃለሁ። እሑድ አትደውልላቸው፣ አያነሡም፤ በዋጋም ብዙ አትከራከራቸው፣ ከተከራከርካቸው ይተውሃል። ከመደወልህ በፊት ግን ጓሮህ ውስጥ ዝናብ ሲዘንብ ውሃው የሚጠራቀምበትን ጥግ በፎቶ ያዝ፤ መጀመሪያ የሚጠይቁህ እርሱን ነው።