ቀይ ፓንዳን «የፓንዳ ዝርያ» ማለት ይቻላል?

ጥያቄ፦ በጎንደር ከተማ ሥነ ሕይወት አስተምራለሁ። ለተማሪዎቼ ባዘጋጀሁት ማስታወሻ ላይ «ቀይ ፓንዳ የፓንዳ ዝርያ የሆነ ሥጋ በል እንስሳ ነው» የሚለውን ዓረፍተ ነገር አንድ ባልደረባዬ አልተቀበለውም። አማርኛው እንዴት ቢሆን ይሻላል?

መልስ፦ ክቡር መምህር፣ «ቀይ ፓንዳ» የሚለውን ስም እንዳለ ያቆዩት። መታረም ያለበት «የፓንዳ ዝርያ» የሚለው ሐረግ ነው፤ ዝርያ ስንል የትውልድ ዝምድናን ስለምናነሣ፣ ተማሪው እንስሳው ጥቁርና ነጭ ከሆነው ከግዙፉ ፓንዳ ጋር የቅርብ ዘመድ እንደሆነ አድርጎ ይረዳዋል። ግዙፉ ፓንዳ ከድብ ቤተሰብ ነው። ቀይ ፓንዳ ግን ከእርሱ በቀር በሕይወት ያለ አባል የሌለው የራሱ ቤተሰብ ያለው ሲሆን፣ ከድብ ይልቅ ራኩን፣ ስከንክና ኦተር ለሚባሉት አጥቢ እንስሳት ይቀርባል። ሁለቱም ቀርከሃ መብላታቸውና ቀርከሃውን ለመጨበጥ የሚረዳ፣ ከእጅ አንጓ አጥንት ያደገ እንደ አውራ ጣት ያለ ነገር መያዛቸው በየበኩላቸው ያገኙት መመሳሰል እንጂ ከአንድ አባት የወረሱት አይደለም። እንዲያውም በስሙ ቀዳሚው ቀዩ ነው፤ ፈረንሳዊው የእንስሳት ተመራማሪ ፍሬደሪክ ኩቪዬ እ.ኤ.አ. በ1825 ስለ እርሱ ሲጽፍ፣ ግዙፉ ለሳይንሱ ዓለም የተዋወቀው በ1869 ነው፤ ያኔም የተመደበው ከድብ ጋር ነበር።

ከዚህ ይልቅ ብዙ ጥንቃቄ የሚሻው «ሥጋ በል» የሚለው ነው። ቃሉ በዕለት ተዕለት አነጋገር የሚበላውን ምግብ ይናገራል፣ በሥነ ሕይወት መጽሐፍ ግን የአንድ ክፍለ መደብ፣ ማለትም ብዙ ቤተሰቦችን የሚይዝ የምደባ ደረጃ፣ ስም ነው። ቀይ ፓንዳ በምደባው ከዚያ ክፍለ መደብ ውስጥ ቢሆንም፣ ዋና ምግቡ የቀርከሃ ቅጠልና ቡቃያ ነው። ስለዚህ «ሥጋ በል እንስሳ ነው» ሲባል አንባቢ የሚረዳው ከእውነቱ ተቃራኒውን ነው።

ስም ብቻውን ዝምድናን እንደማያስረዳ ለማሳየት ከሰሜን ተራሮች የተሻለ ምሳሌ አያስፈልግዎትም፤ በሳይንሳዊ መጠሪያው የሰሜንን ስም የያዘው የእኛው ቀይ ቀበሮ በስሙ ከአውሮፓው ቀይ ቀበሮ ጋር አንድ ቢመስልም፣ በዘሩ ለተኩላና ለውሻ ይቀርባል።

እንግዲህ እንዲህ ቢጽፉት እመርጣለሁ፦ «ቀይ ፓንዳ በሂማላያና በደቡብ ምዕራብ ቻይና ተራራማ ደኖች የሚኖር፣ በሥጋ በሎች ክፍለ መደብ ውስጥ የራሱ ቤተሰብ ያለው፣ በአብዛኛው ቀርከሃ የሚመገብ አጥቢ እንስሳ ነው።»