ጨቅላ ሕፃን ሾክ ውስጥ ሲሆን፦ የደም ግፊት እስኪወርድ አይጠበቅ

ጥያቄ፦ ጅማ ዙሪያ በሚገኝ ጤና ጣቢያ አዋላጅ ነርስ ነኝ። በተወለዱ በሁለት በሦስት ቀናቸው ጡት መጥባት ትተው፣ እጅ እግራቸው ቀዝቅዞ የሚመጡ ሕፃናት ያጋጥሙናል። ለጨቅላ የሚሆን የደም ግፊት መለኪያ የለንም። ሾክ መሆኑን በምን እንለይ? ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል እስኪደርሱስ ምን እናድርግላቸው?

መልስ፦ መለኪያው ባይኖርም ሾክን፣ ማለትም ደም ለሰውነት ክፍሎች በበቂ መጠን አለመድረሱን፣ መለየት ይችላሉ። የጨቅላ ሰውነት የደም ሥሮቹን አጥብቦ፣ የልብ ምቱን አፋጥኖ ስለሚታገል ግፊቱ የሚወርደው መጨረሻ ላይ ነው። ደረቱን መሐል ላይ ለ5 ሰከንድ በጣትዎ ተጭነው ይልቀቁ። የነጣው ቆዳ ወደ ቀለሙ ለመመለስ ከ3 ሰከንድ በላይ ከፈጀ፣ ልቡም በደቂቃ ከ180 በላይ ከመታ፣ የክንዱ ትርታ ከደከመና ሰውነቱ ከዛለ፣ ሾክ ነው ብለው ይነሱ። ብርድ የመታው ሕፃን ቆዳም ቀስ ብሎ ነው የሚመለሰው፤ ስለዚህ እያሞቁ ደግመው ይመርምሩ፤ እስኪሞቅ ብለው ግን ሕክምናውን አያቆዩ።

ኦክስጅን ይስጡ፣ በ24 ቁጥር ካኑላ (ደም ሥር ውስጥ በሚገባ ቀጭን ቱቦ) ደም ሥር ይክፈቱ፣ ወዲያው ስኳሩን ይለኩ። በዴሲ ሊትር ከ45 ሚሊ ግራም በታች ከሆነ 10 በመቶ ግሉኮስ በኪሎ 2 ሚሊ ሊትር በቀስታ ይስጡ። ያለዎት 40 በመቶው ብቻ ከሆነ አንድ እጁን በሦስት እጅ የመርፌ ውሃ ያቅጥኑት።

ለሾኩ የሚሰጠው ኖርማል ሳላይን (0.9 በመቶ የጨው ውሃ) ነው፤ ግሉኮስ እሱን አይተካም። መጠኑ በኪሎ 10 ሚሊ ሊትር ነው፤ 3 ኪሎ ለሚመዝን ሕፃን 30 ሚሊ ሊትር፣ በ30 ደቂቃ ውስጥ። በሲሪንጅ ቀድተው፣ ሰዓት እያዩ ይግፉት። ግማሽ ሊትር ከረጢት ሰቅሎ መተው ትልቁ አደጋ ነው፤ ትንሽ ዘወር ሲሉ የሕፃኑን ሳንባ የሚሞላ ፈሳሽ ይገባል። ያለ ጊዜው በተወለደ ሕፃን ላይ ደግሞ ፈጥኖ የገባ ፈሳሽ አንጎል ውስጥ ደም ሊያፈስ ስለሚችል የበለጠ ይጠንቀቁ። ምልክቱ ካልተሻሻለ አንድ ጊዜ ይደገማል። ጉበቱ ካበጠ ወይም አተነፋፈሱ ከባሰ ግን ያቁሙ፤ ችግሩ ከልብ ሊሆን ይችላል። የብሽሽቱን ትርታም ይዳስሱ፤ ከሌለ ለተቀባዩ ሐኪም ይንገሩ።

መንስኤውንም ይፈልጉ። እትብቱ ላልቶ ታስሮ ደም እየፈሰሰ እንዳይሆን ጨርቁን ገልጠው ይዩ። በዚህ ዕድሜ ግን መጀመሪያ የሚጠረጠረው ኢንፌክሽን ነው፤ ስለዚህ አምፒሲሊን በኪሎ 50 ሚሊ ግራም፣ ጄንታሚሲን በኪሎ 5 ሚሊ ግራም (ክብደቱ ዝቅተኛ ከሆነ 3) አምቡላንሱ ከመነሳቱ በፊት ይስጡ። እናቲቱ ሕፃኑን ደረቷ ላይ፣ ገላ ለገላ አድርጋ፣ ኮፍያ አልብሳ ትያዘው። ሪፈር ወረቀቱ ላይ የሰጡትን ፈሳሽ መጠን፣ የመድኃኒቱን ሰዓትና መጨረሻ የሸናበትን ጊዜ ይጻፉ፤ ይህ ካልተጻፈ ተቀባዩ ፈሳሹን ሊደግምበት ይችላል።