ምርጫው አለፈ፣ እኔስ ምን ልሁን?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ። የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። በ2024ቱ የአሜሪካ ምርጫ ከሥራ ወጥቼ በር አንኳኳ ነበር፤ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ለሐበሻ መራጮች በአማርኛ እደውል ነበር። የቴሌግራም ግሩፓችን ሌሊቱን ሙሉ ሲጮህ ያድር ነበር። ምርጫው ሲያልፍ ሁሉም ጭጭ አለ። እኔም ዜና መስማት አስጠላኝ። ግን እጄን አጣጥፌ ሌላ አራት ዓመት መጠበቁም ከነከነኝ። ምን ይሻለኛል?
ደክሞኛል

መልስ፦ መጀመሪያ ተኚ። የምሬን ነው። ያን ሁሉ ወር ከሥራ በኋላ ስትሮጪ ከርመሽ ባይደክምሽ ነበር የሚገርመኝ። ግሩፑንም ድምፁን ዝጊው። ዜና መከታተል ተሳትፎ እየመሰለን ሶፋ ላይ ተበሳጭተን የቀረነው ብዙ ነን።

"አራት ዓመት" ያልሽው ላይ ግን አልስማማም። አንቺ ያለሽበት ሞንትጎመሪ ካውንቲ (ከስቴቱ በታች ያለው የአካባቢ አስተዳደር) አስተዳዳሪውንና ካውንስሉን፣ ማለትም ምክር ቤቱን፣ የሚመርጠው ከፕሬዚዳንቱ ጋር አይደለም፤ መሐል ላይ ነው፤ 2018፣ 2022፣ 2026 እያለ ይሄዳል። ካውንቲው የዲሞክራቶች ስለሆነ ነገሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚያልቀው ኖቬምበር ሳይደርስ፣ ፓርቲው ዕጩውን በሚለይበት ቅድመ ምርጫ፣ በፕራይመሪው ነው። በ2018 ለካውንቲው አስተዳዳሪነት በተደረገው የዲሞክራቶች ፕራይመሪ ማርክ ኤልሪች ዴቪድ ብሌርን የረታው በ77 ድምፅ ነበር። በ2022 ሁለቱ እንደገና ገጠሙ፣ ድምፁም ድጋሚ ተቆጠረ፣ ልዩነቱ 32 ሆነ። ሠላሳ ሁለት! እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አንድ የሐበሻ ምግብ ቤት ውስጥ ከዚያ የሚበልጥ ሰው ታገኛለሽ።

ችግሩ እዚህ ጋ ነው። የሜሪላንድ ፕራይመሪ ዝግ ነው፤ በፓርቲው ያልተመዘገበ ሰው የፓርቲውን ዕጩ አይመርጥም። ዜግነት አግኝቶ ሲመዘገብ "እኔ ፖለቲካ ውስጥ የለሁበትም" ብሎ ፓርቲ ሳይመርጥ ያለፈ ወገናችን፣ በፕራይመሪው ቀን የሚደርሰው እንደ ትምህርት ቦርድ ያለ ከፓርቲ ውጪ የሆነ ምርጫ ብቻ ነው። ይህን እዚያው ምርጫ ጣቢያ ቆሞ መስማት ያናድዳል። ፓርቲ መቀየር ደግሞ ቀነ ገደብ አለው፤ በመጨረሻው ሳምንት እሮጣለሁ ቢባል አይሆንም። ስለዚህ ለአንቺ የሚሆን ሥራ ይኸው፦ የምታውቂያቸውን ሰዎች አንድ በአንድ፣ ቡና እየጠጣችሁ፣ "እንዴት ነው የተመዘገብከው?" ብለሽ ጠይቂ። የትኛውን ፓርቲ እንደሚመርጡ የራሳቸው ጉዳይ ነው። የዘመቻውን የስልክ ዝርዝር ግን እንዳትነኪው፣ እሱ ያንቺ አይደለም።

ሁለተኛው በጀቱ ነው። የካውንቲው አስተዳዳሪ በጀቱን እስከ ማርች 15 ለካውንስሉ ያቀርባል፤ ካውንስሉ እስከ ጁን 1 ማጽደቅ አለበት። መሐሉ ላይ ነዋሪው ቀርቦ የሚናገርበት ጊዜ አለ፤ ቀድመሽ ትመዘገቢና ደቂቃሽን ትወስጃለሽ። አንድ ጉዳይ ብቻ ያዢ፦ የአውቶቡስ መስመር ይሁን፣ አስተርጓሚ ይሁን፣ የልጆች የክረምት ፕሮግራም ይሁን። አገርን፣ አሜሪካንና ካውንቲውን ባንድ ጊዜ ልሸከም ያለ ሰው ነው ቶሎ የሚጠፋው። ከግሩፑ ውስጥ ሁለት ሦስት ሰው ጥሪና እንደ እድር በተራ አድርጉት፤ ዘንድሮ አንቺ ከተናገርሽ ከርሞ ሌላዋ ትናገር፣ አንቺ ልጆቿን ያዢላት።

ጥያቄ፦ እኔ ግሪን ካርድ ብቻ ነው ያለኝ። መሳተፍ እችላለሁ ወይስ አርፌ ልቀመጥ?
ከታኮማ ፓርክ

መልስ፦ ትችላለህ፣ ግን ተጠንቅቀህ። በር ማንኳኳት፣ መደወል፣ ለዕጩ ገንዘብ መስጠትም ለግሪን ካርድ ባለቤት የተፈቀደ ነው። ለፕሬዚዳንት፣ ለኮንግረስ፣ ለስቴትም ሆነ ለካውንቲ ግን ድምፅ እንዳትሰጥ፤ በስህተት መመዝገብ እንኳን ዜግነት ስትጠይቅ ጣጣ ያመጣብሃል። መንጃ ፈቃድ ስታወጣ "መራጭ ሆነህ ትመዘገባለህ?" የሚል ጥያቄ ከመጣ መልሱ "አይ" ነው።

ደግነቱ ሰፈርህ ታኮማ ፓርክ ነው። እዚያ ከ1990ዎቹ ጀምሮ ዜጋ ያልሆነ ነዋሪም የከተማውን ከንቲባና ካውንስል ይመርጣል፣ ከ2013 ወዲህ ደግሞ የ16 ዓመት ልጅም ይመርጣል። ምዝገባው ከስቴቱ የተለየ ነው። ማዘጋጃ ቤቱ ሄደህ "ዜጋ አይደለሁም፣ ለከተማው ምርጫ ብቻ" ብለህ ጠይቅ፣ ቅጹንም ሳታነብ አትፈርም።