ለቲቢ መድኃኒት ፍለጋ ለተሰለፋችሁ ወጣት ተመራማሪዎች

ውድ ልጆች፣ በዚህ ሥራ ብዙ ጊዜ የሚያባክነው ቶሎ የታመነ ጥሩ ውጤት ነው። አንድ ውህድ የባክቴሪያውን ኢንዛይም ቱቦ ውስጥ ስላስቆመ ባክቴሪያውን ይገድላል ማለት አይደለም።

ኢንኤችኤ የተባለውን ኢንዛይም ውሰዱ። የባክቴሪያውን ግድግዳ ሰም የሚያስመስለው ማይኮሊክ አሲድ ያለ እሱ አይመረትም። አይሶናያዚድ የተባለው የቲቢ መድኃኒት እ.ኤ.አ. ከ1952 ጀምሮ በሽተኛ ሲያድን ኖሮ፣ የሚመታው ይህንኑ ኢንዛይም መሆኑ የታወቀው በ1994 ነው። መድኃኒቱ ግን ብቻውን ኢንኤችኤን አይዘጋም፤ መጀመሪያ ካትጂ የተባለ ሌላ የባክቴሪያው ኢንዛይም ይቀይረዋል፣ ኤንኤዲ ከተባለው የሕዋስ ረዳት ሞለኪውል ጋርም ይጣበቃል። ስለዚህ የተጣራ ኢንኤችኤ ላይ አይሶናያዚድን ለማነጻጸሪያ ብትጨምሩ ምንም አታዩም። በቀጥታ የሚይዘውን ትሪክሎሳንን ተጠቀሙ።

ልኬቱ ቀላል ነው፤ ኢንኤችኤ ሲሠራ የሚጠቀምበት ኤንኤዲኤች (የኤንኤዲ ሌላ መልክ) ሲያልቅ፣ በ340 ናኖሜትር የሚዋጠው ብርሃን ንባብ ይወርዳል። ተንኮሉም እዚሁ ነው። ራሱ በ340 ብርሃን የሚውጥ ውህድ ንባቡን ያዛባል፤ ያለ ኢንዛይም ለብቻው ለኩት። ውሃ ውስጥ የሚቋጠር ውህድ ደግሞ ኢንዛይሙን ጠቅልሎ ይይዝና ጥሩ መድኃኒት ይመስላል። ቋጠሮውን የሚበትን እንደ ሳሙና ያለ ነገር፣ 0.01 በመቶ ትራይተን ኤክስ-100 ጨምራችሁ ድገሙት፤ ኃይሉ ከጠፋ ተዉት። ውህዱን የምታሟሙበት ዲኤምኤስኦ ከ1 በመቶ አይለፍ፣ በመፈተሻው ሳህን ጉድጓዶች ሁሉም እኩል ይሁን።

ወደ ሕያው ባክቴሪያ ስትሻገሩ ምግቡን ተጠንቀቁ። በተለመደው የማሳደጊያ ፈሳሽ ውስጥ ግሊሰሮል አለ፤ ባክቴሪያው ሰው ውስጥ በዋናነት የሚበላው ግን ቅባትና ኮሌስትሮል ነው። ፒሪሚዲን-ኢሚዳዞል የተባሉ ውህዶች ግሊሰሮል ባለበት ባክቴሪያውን ገደሉ፣ አይጥ ላይ ግን ከሸፉ፤ ይህም በ2010 ታትሟል። ግሊሰሮል በሌለበትም ፈትኑ።

ከሁሉ በላይ አደራ የምላችሁ፣ ውህዱ የሚገድለው በዚያው ኢንዛይም በኩል መሆኑን አረጋግጡ። ኢንዛይሙን በብዛት የሚያመርት ባክቴሪያ ተጨማሪ መጠን ሊፈልግ፣ ምርቱ የተቀነሰበት ደግሞ በትንሹ ሊሞት ይገባል። ውህዱን የተላመዱትን ባክቴሪያዎች ለይታችሁም ጂኖማቸውን (ሙሉ የዘር መረጃቸውን) አንብቡ። አይሶናያዚድን የሚቋቋሙት በአብዛኛው የተበላሸባቸው ካትጂ ነው፤ ካትጂን ሳይጠብቅ ኢንኤችኤን የሚይዝ ውህድ እነሱንም ሊደርስባቸው ይችላል። እኔ ብጠየቅ ጉልበታችሁን እዚያ ላይ አውሉት እላለሁ።