ማታ ማታ የሚወርድ የዓይን ቆብ

ጥያቄ፦ የ28 ዓመት እህቴ ከጥቂት ወራት ወዲህ ሲመሻሽ የግራ ዓይኗ ቆብ ይወርዳል፤ አንዱ ነገርም ሁለት ሆኖ ይታያታል። ምግብ ስታኝክ መሀል ላይ መንጋጋዋ ይዝላል። ጠዋት ግን ደህና ናት። ሰዎች ጭንቀት ነው ይሏታል። የነርቭ በሽታ ይሆን? መድኃኒትስ አለው?

መልስ፦ ጠያቂያችን፣ ከጻፉልን ሁሉ ትልቁ ፍንጭ እህትዎ ጠዋት ደህና ውላ ሲመሽ መዳከሟ ነው። ሲሠራ የሚዝልና ሲያርፍ የሚበረታ ጡንቻ፣ በተለይ ዓይንንና መንጋጋን ሲይዝ፣ ማያስቴኒያ ግራቪስ የተባለውን በሽታ ያስጠረጥራል። ያለ ምርመራ እርግጡን መናገር ባይቻልም፣ እንዲህ ያለውን ምልክት ጭንቀት ነው ብሎ ማለፍ ግን ፈጽሞ ተገቢ አይደለም።

ነርቭ ጡንቻን የሚያዘው ከጫፉ አሴቲልኮሊን የተባለ ኬሚካል በመልቀቅ ነው። በዚህ በሽታ የሰውነት መከላከያ ኃይል የገዛ አካሉን እንደ ባዕድ ቆጥሮ፣ ብዙውን ጊዜ ኬሚካሉን የሚቀበሉትን የጡንቻ ክፍሎች የሚያጠቁ ፀረ እንግዳ አካላትን ያመርታል፤ በመሆኑም ነርቩ ጤነኛ ሆኖ ሳለ ትእዛዙ ጡንቻው ዘንድ በሚገባ አይደርስም። ከደረት አጥንት ጀርባ የምትገኘው ታይመስ ዕጢም በነገሩ እጇ አለበት፤ ከ100 ሕሙማን ከ10 እስከ 15 የሚሆኑት በዚህችው ዕጢ ላይ እባጭ ስለሚገኝባቸው ደረት በሲቲ ስካን ይታያል።

የነርቭ ሐኪም የደም ምርመራ ያዛል፤ ሕመሙ ከዓይን አልፎ ወደ ሌሎች ጡንቻዎች በተዛመተባቸው ሰዎች ዘንድ ከ100 በ85ቱ ገደማ እነዚህ ፀረ እንግዳ አካላት ይገኛሉ። ባይገኙም በሽታው የለም ማለት ስላልሆነ፣ ነርቭን በኤሌክትሪክ ደጋግሞ በማነሣሣት የጡንቻውን ምላሽ መለካት ያስፈልጋል።

ሕክምናው አበረታች ነው። ፒሪዶስቲግሚን የተባለው ክኒን ብዙውን ጊዜ በአንድ ሰዓት ውስጥ ጉልበትን ይመልሳል፤ ሆኖም ለጥቂት ሰዓታት ብቻ የሚሠራ የምልክት ማስታገሻ ነው። የበሽታውን ምክንያት የሚገቱት እንደ ፕሬድኒሶሎንና አዛታዮፕሪን ያሉ መድኃኒቶች ሲሆኑ፣ ሁለተኛው ውጤቱ እስኪታይ ብዙ ወራት ስለሚወስድ ለውጥ የለም ብሎ ማቋረጥ ጉዳት አለው። እባጭ ባይኖርም እንኳ ለአንዳንድ ሕሙማን ታይመስን በቀዶ ሕክምና ማውጣት እንደሚጠቅም በ2016 የታተመ ጥናት አረጋግጧል።

እኔን ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ መተንፈሻ ጡንቻዎች የሚደክሙበት ጊዜ ነው። እህትዎ ትንፋሽ ካጠራት፣ ተኝታ መተንፈስ ካቃታት ወይም ምራቋን መዋጥ ከተሳናት ቀጠሮ ሳትጠብቅ ወዲያውኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል ትወሰድ። ጄንታማይሲን፣ ሲፕሮፍሎክሳሲን፣ ኩዊኒንና በደም ሥር የሚሰጥ ማግኒዥየም በሽታውን ሊያባብሱት ስለሚችሉ፣ ለሌላ ሕመም ስትታከምም ጥርጣሬውን ለሐኪሙም ለፋርማሲ ባለሙያውም አስቀድማ ትንገር።